ቤቱ ሲያፈስ የተጠሩት ሴቶች

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ማንም የትም አይሄድም። እዚህ ጁባ፣ ቶንፒንግ ውስጥ ዝናብ ሲይዝ የቦዳ ቦዳው ልጅ ሞተሩን ኒም ዛፉ ሥር ያቆማል፣ የውሃ ቦቴው ሹፌር መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ከአየር ማረፊያው የሚነሳው አውሮፕላን እንኳ ድምፁ በቆርቆሮው ጩኸት ይዋጣል፣ እኛም ተጠጋግተን ተቀምጠናል። አቦሉን ጠጥተናል፣ ቶናው ገና ነው። እንግዲህ ጊዜ አለን፤ ጊዜ ካለ ደግሞ ወሬ አለ። ስለ ኳስና ስለ ሩጫ ላወራችሁ ነው፤ ግን ስለ ሜዳው አይደለም። ሜዳው ላይ ስለሚወጣው ገንዘብ፣ ስለሚቀጠረው አሠልጣኝ፣ ስለሚሸጠው ተጫዋች ስለሚመከርበት ጠረጴዛ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ቆሞ ሻይ እንዳቀረበ፣ ከዚያም ከስንት ዘመን በኋላ ቆማ የነበረችው ሴት ‘ነይ ወንበር ሳቢ’ እንደተባለች፣ የተባለችበትም ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደነበረ ነው የምነግራችሁ።

የማስበውን ከፊት ልናገር፤ ሽማግሌ ነገሩን እስከ መጨረሻ ቀብሮ መያዝ አይገባውም። ቤት ሲሠራ፣ ማገሩ ሲማገር፣ ‘ሳሎኑ እንዲህ ይሁን’ ሲባል ሴት አትጠራም። ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር፣ ውሃው በአልጋው ላይ ሲወርድ ግን ‘እሷ የት አለች?’ ይባላል። የክለብም የፌዴሬሽንም ነገር ከዚህ አይርቅም። አታምኑኝ ይሆናል። የማውቃቸውን ሴቶች አንድ በአንድ ልቁጠርላችሁና እናንተ ፍረዱ።

የዘመኑን አቆጣጠር ደግሞ አስቀድመን እንስማማ። ጁባ የምንኖር ሰዎች ሁለት ዘመን ይዘን ነው የምንኖረው፤ የቤት ኪራዩን በእነሱ እንከፍላለን፣ ጾሙንና በዓሉን በእኛ እንቆጥራለን። ስለዚህ የአገራችንን ነገር በእኛ ዘመን እነግራችኋለሁ፣ የውጩን ደግሞ በአውሮፓውያኑ። ግራ የገባው ሰው ካለ አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ።

ከዚህ ብዙም የማይርቀው ወንዛችን፣ ነጭ ዓባይ፣ ጁባን አልፎ በቦር አድርጎ፣ በሱድ ረግረግ ውስጥ መንገዱ እስኪጠፋ ተንከራትቶ፣ በማላካል አልፎ፣ ከዚያም ሄዶ ሄዶ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል። በ1957፣ በየካቲት ወር፣ ካርቱም ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል ከአራት አገር የመጡ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ከግብፅ፣ ከሱዳን፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኢትዮጵያ። ከእኛ በኩል ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኋላ ከ1972 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፣ በዚያው ሳምንትም የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ አካሄዱ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ቀላቅዬ አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ለፍጻሜ እኛና ግብፅ ተገናኘን፣ አድ ዲባ የሚባል ግብፃዊ አራት ጎል አገባብን፣ አራቱንም ብቻውን።

ያንን ሽንፈት አሁንም የሚያስታውስ ያዝናል፤ እኔ ግን የማስበው ስለ ጠረጴዛው ነው። እነዚያ ሰዎች ስለ ቀለም ተከራክረዋል፣ ክብር ይግባቸው፣ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በጠረጴዛው ዙሪያ ግን አንዲት ሴት አልነበረችም፤ ይህ ጉድለት ነው ብሎ የተነሳም የለም። በእነሱ አልፈርድም። ዓለሙ ሁሉ እንዲያ ነበር። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1894 ተመሥርቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴቶች በአባልነት የተቀበለው በ1981 ነው፤ ሰማንያ ሰባት ዓመት ሙሉ ወንዶች ብቻቸውን ተቀምጠው ስለ ሴት ሯጮች ሲወስኑ ኖረዋል ማለት ነው። ፊፋም በ1904 ተመሥርቶ በሥራ አስፈፃሚው ውስጥ ሴት ያስቀመጠው በ2012 ነው። ያቺም ሴት ከዚህ ብዙ ከማይርቅ አገር የመጣች ናት፤ ሊዲያ ንሴኬራ ትባላለች፣ ቡሩንዲያዊት ናት፣ የአገሯን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2004 ጀምሮ ስትመራ የኖረች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቡሩንዲ በ2004 ከእርስ በርስ ጦርነት ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣችም ነበር። ቤቱ እያፈሰ ነበር ማለቴ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀረው የአራዳ ልጆች ተሰብስበው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ ስማቸው የሚጠራው አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። አትናሽ የሴት ስም መሆኑን ሰምታችሁ እለፉት፤ በመጀመሪያው ክለባችን ታሪክ ውስጥ አንዲት ሴት በስም ገብታለች፣ ወንበር ግን አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ ስንት ክለብ ተቋቋመ፣ ስንት ፈረሰ፣ ስንቱስ ስሙን ቀየረ። የእኛ አገር ክለብ ብዙውን ጊዜ የባንክ ነው፣ የመብራት ኃይል ነው፣ የመከላከያ ነው፣ የከተማ አስተዳደር ነው። ስለዚህ ቦርዱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ኳስ ስላወቀ አይደለም የሚቀመጠው፤ ቢሮው ይዞት ይመጣል። ከንቲባው ሰብሳቢ ይሆናል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ምክትል ይሆናል፣ የፋይናንስ ኃላፊው አባል ይሆናል፣ ቃለ ጉባዔ ይያዛል፣ ምሳ ይበላል። ቢሮው የወንድ ከሆነ ወንበሩም የወንድ ነው፤ ማንም ‘ሴት አንፈልግም’ ማለት ሳያስፈልገው ሴት ሳትኖር ትቀራለች። እንዲህ ያለ በር ተቆልፎ አይታይም፤ የሚገፋው ሰው ስለማይመጣ ብቻ ተዘግቶ ይኖራል።

ደግሞ የሚገርመው ሜዳው ከቦርዱ ቀድሞ መከፈቱ ነው። ሊዲያ ታፈሰን አስቡ፤ ፊሽካዋን ይዛ እስከ ዓለም ዋንጫ ሄዳ ዳኘች። መሠረት ማኒን አስቡ፤ በ2008 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከተማን፣ የወንዶቹን ቡድን፣ በፕሪሚየር ሊግ አሠለጠነች፣ ሃያ ሁለት ወንዶች ልምምድ ላይ ቆመው ‘እሺ አሠልጣኝ’ አሏት። ዳኛ ከሳተ ሕዝብ በሙሉ ያየዋል፣ አሠልጣኝ ከተሸነፈ ውጤቱ በጋዜጣ ይወጣል፤ እንዲህ ሰው በአደባባይ የሚፈተንበት ቦታ ሴቶች ሲደርሱ፣ ማንም የማይፈተንበት ቦታ ግን አልደረሱበትም። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል፤ እናንተስ?

ከዚያም ደራርቱ መጣች። ደራርቱን የማያውቅ እዚህ የለም፤ ቢሆንም ትንሽ ልቆይባት፣ ይገባታል።

በቆጂ አርሲ ውስጥ ናት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ገብስና ስንዴ ይበቅልባታል፣ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ልጆች እየሮጡ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ደራርቱ ቱሉ እዚያ ከብት እየጠበቀች አደገች፣ ከዚያ ሮጠች፣ ከዚያም ሮጣ ሮጣ በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ምሽት ባርሴሎና ደረሰች። ያን ጊዜ እኛ ከደርግ ወጥተን ገና ዓመት አልፎን ነበር፤ ያቺ በ1957 ካርቱም ላይ ጥቁርና ነጭ አልቀላቅልም ያለችው ደቡብ አፍሪካም ከስንት ዓመት ቅጣት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ መመለሷ ነበር። አሥር ሺህ ሜትር ሮጡ፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ፊት ሆነች፣ ደራርቱ ከኋላዋ ሳትለይ ተከተለች፣ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ደራርቱ ተስፈንጥራ አለፈችና ሄደች፣ ወርቁንም ወሰደች። ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት በኦሊምፒክ የመጀመሪያው ወርቅ ነበር። ከዚያ ምን አደረገች? ቆመች። መስመሩን አልፋ ሜየርን ጠበቀቻት፣ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ አንዷ ጥቁር አንዷ ነጭ፣ ሜዳውን አብረው ዞሩት። በ1957 ጠረጴዛ ላይ ያልተፈታው ነገር ሁለት የደከሙ ሴቶች ሩጫ ጨርሰው እጅ ሲያያዙ ተፈታ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ያየ ሁሉ እንዲያ ተሰምቶት ነበር።

በሲድኒ ደግማ ወርቅ አመጣች፣ በአቴና ነሐስ አመጣች፣ እናት ሆና ኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። እንዲህ ያለች ሴት ለአገሯ አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት እስክትሆን ስንት ዓመት መፍጀት ነበረበት? ከባርሴሎና ቆጥራችሁ ድረሱበት፣ 2011 ዓ.ም. ላይ ትደርሳላችሁ።

ያ 2011 ዓ.ም. ልዩ ዓመት ነበር፤ እዚህ ቶንፒንግ ሆነን ሁለት አገር ስለምናይ ይበልጥ ይታየናል። ዓመቱ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 2፣ የደቡብ ሱዳን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ያ ጦርነት ይህን ሠፈር ምን እንዳደረገው ለእናንተ አልነግራችሁም፤ በዚያ በተመድ ካምፕ አጥር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሸራ ዘርግተው፣ ጭቃ ላይ ተኝተው ክረምቱን ሲያሳልፉ ከእናንተ መሃል ያየ አለ፣ በራሱ ላይ የደረሰበትም አለ። በዚያ ስምምነት ውስጥ ከአስፈፃሚው መንግሥት 35 ከመቶው ለሴቶች ይሁን የሚል ተጻፈ። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የተጻፈው ሕገ መንግሥት 25 ከመቶ ነበር የሚለው፤ ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሩ አደገ። ከዚያ በጥቅምት 6 አዲስ አበባ ውስጥ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ፣ በጥቅምት 15 ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያኔ አገራችን ከሦስት ዓመት ተቃውሞና ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና መውጣቷ ነበር። ከዚያ በኅዳር ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ከአትሌቶች ቅሬታና ጭቅጭቅ በኋላ፣ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንትነት ለቀቀ። ወንበሩ ባዶ ቀረ። ጣራው እያፈሰ ነበር። ደራርቱም ተጠራች፤ መጀመሪያ በተጠባባቂነት፣ ከዚያ በ2013 ዓ.ም. በምርጫ።

ቀላል አልሆነላትም። በዚያው ዓመት ክረምት ቶኪዮ ላይ ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ተጣሉ፤ ማን ይሮጣል፣ ማን ይመርጣል በሚል በአደባባይ ተወቃቀሱ፣ አገሪቱም በአንድ ወርቅና በጠቅላላው በአራት ሜዳሊያ ተመለሰች። ሕዝቡ አዘነ፣ አንዳንዱም ጥፋቱን በእሷ ላይ አደረገ። ከዚያ ዓመት አለፈ፤ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። አገር ቤት የትግራይ ጦርነት ገና እልባት አላገኘም ነበር። ለተሰንበት ግደይ አሸነፈች፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ አሸነፈች፣ ጉዳፍ ፀጋይ አሸነፈች፣ ሦስቱም የትግራይ ልጆች፤ ታምራት ቶላም በማራቶን አሸነፈ፤ አራት ወርቅ፣ አራት ብር፣ ሁለት ነሐስ፣ ከአሜሪካ ቀጥሎ ሁለተኛ። ደራርቱም ልጆቹን እያቀፈች ስታለቅስ በየስልኩ ታየች፣ እዚህ ቶንፒንግ ድረስ ታየች። እኔ ብዙ የስፖርት ፕሬዚዳንት አይቻለሁ፤ ክራቫት አስተካክሎ ከዋንጫ ጋር ፎቶ የሚነሳ አይቻለሁ። ተጫዋቹን አቅፎ የሚያለቅስ ግን ብዙ አላየሁም። አንዳንዱ ‘ሴት ስለሆነች ነው’ አለ። እኔ ግን አሥር ሺህ ሜትር ምን እንደሚያደርግ በእግሯ ስለምታውቅ ነው እላለሁ።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ምርጫ ሆነ፣ ስለሺ ስኅን ተመረጠ። ስለሺም ጀግና ነው፣ ቦታው አይበዛበትም። ግን ጠይቁልኝ፤ ሴቲቱ ስትገባ ወንበሩ በጭቅጭቅ ተጥሎ የተገኘ ነበር፤ ወንዱ ሲገባ በሥርዓት በተጠራ ጉባዔ፣ በሥርዓት በተሰጠ ድምፅ ነበር። ይህን ልዩነት ማየት ጥፋት ከሆነ እኔ ጥፋተኛ ነኝ።

‘ይህ ፌዴሬሽን ነው፣ ክለብ አይደለም’ ስትሉኝ ይሰማኛል። ልክ ናችሁ። ወደ ክለብ እንሂድ።

እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ሲቲ የሚባል ክለብ አለ። በ1993 ክለቡ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሊሸጥ ለአበዳሪ ተቆጣጣሪዎች ተላልፎ ነበር፤ አንድ ነጋዴ ገዛውና ካረን ብሬዲ የምትባል የ23 ዓመት ሴት ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ላካት። ሃያ ሦስት ዓመት! የገባች ሰሞን ከቡድኑ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ስትሄድ አንዱ ተጫዋች ስለ ሰውነቷ ነውር ነገር ተናገራት፤ እሷም፣ ራሷ ደጋግማ እንዳወራችው፣ ልጁን ሸጠችው። እዚህ ላይ ሴቶቹ ሲስቁ ወንዶቹ ሲኒያቸውን ሲመለከቱ አያለሁ። በ1997 ያንን የከሰረ ክለብ በአክሲዮን ገበያ አቆመችው። ልብ በሉ፤ ማንም የሞላ ካዝና ያለው ክለብ ለ23 ዓመት ሴት አልሰጠም፤ የሰጣት የከሰረውን ነው።

ከዚያ ደግሞ ሴራሊዮን። ያ አገር ጦርነቱን በ2002 ጨረሰ። ኢሻ ጆሃንሰን የምትባል ሴት በ2004፣ ከጦርነቱ የተረፉ ልጆች ፍሪታውን ውስጥ ኳስ ሲያሳድዱ አየችና ክለብ መሠረተችላቸው፣ በቤተሰቧም ስም ሰየመችው። ማንም ቦርድ ውስጥ አልጠራትም፤ ጠረጴዛውን ራሷ ሠራችው ማለት ነው፣ እንዲህም ያለች አለች። በ2013 የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነች። ከዚያ መከራዋ ጀመረ፤ በሙስና ተከሰሰች፣ በ2016 ታሰረች፣ በ2018 ከወንበሯ ገለል በይ ስትባል ፊፋ መንግሥት ጣልቃ ገባ ብሎ አገሪቱን አገደ፣ በ2019 ፍርድ ቤቱ ነፃ ናት አለ፣ በ2021 ደግሞ ለፊፋ ምክር ቤት ተመረጠች። የእሷ ታሪክ የእኔን አባባል በከፊል ይቃወማል፣ አውቃለሁ። እሷን ማንም ጣራ ጠግኚ ብሎ አልጠራትም፤ ራሷ ገብታ ጠገነች፣ ከዚያ ጣራውን ቀዳሽው ተባለች።

ፊፋንም እንዳትረሱት። በግንቦት 2015 ዙሪክ ውስጥ ፖሊስ ማለዳ ሆቴል ገብቶ የእግር ኳስ ሹማምንትን ከአልጋቸው እያስነሳ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ምን ሆነ? ሕጉ ተሻሻለ፤ 37 ሰው ያለበት ምክር ቤት ይቋቋም፣ ከስድስቱ ኮንፌዴሬሽኖች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንዲት ሴት ይላኩ ተባለ። ዋና ጸሐፊም ተፈለገች፤ ሴኔጋላዊቷ ፋትማ ሳሙራ ተሾመች፣ ሃያ አንድ ዓመት በተመድ ስትሠራ የኖረች፣ ቶንፒንግ ውስጥ በሚመላለሱት በእነዚያ ነጭ መኪኖች ከምናያቸው ዓይነት ሴቶች አንዷ። በመቶ አሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም አፍሪካዊ። ፖሊስ ያንን ሆቴል ባያንኳኳ ኖሮ ትጠራ ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

የታንዛኒያው ግን ትንሽ ይለያል፣ ስለዚህ ደስ ይለኛል። ሲምባ የሚባለው ትልቁ ክለብ በ2020 ባርባራ ጎንዛሌዝን ዋና ሥራ አስፈፃሚ አደረገ፣ ሠላሳ ዓመቷ ነበር፣ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት። ሲምባ ያኔ አልከሰረም፤ የአገሩ ሻምፒዮን ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ገባ፣ የክለቡ ሴቶችም በ2022 በአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ አራተኛ ሆኑ። ሞልቶ ሳለ የተሰጠ ወንበር እንዲህ ያደርጋል። በ2023 መጀመሪያ ለቀቀች።

የእኛው ንግድ ባንክም የሚነገርለት አለው። የወንዶቹ ቡድን ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ባንኩ ቡድኑን አፈረሰው፣ የሴቶቹን ግን አስቀረ። ለዓመታት የክለቡን ስም ሜዳ ላይ ያቆሙት ሴቶቹ ነበሩ፤ ዋንጫ በዋንጫ ላይ አነሱ፣ ኋላም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ሞሮኮ ድረስ ሄዱ። ወንዶቹም ተመልሰው ተቋቋሙ፣ በ2016 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ፣ እሰይ። ስሙ ጠፍቶ ቢሆን ግን የሚመለሱበት ቤት የት ይገኝ ነበር?

ቶናው ደርሷል፣ ሲኒ አቀብሉ። የምታቀብለን እህታችንን እዩልኝ። በዚህ ሠፈር ዕቁብ የሚሰበስበው ማን ነው? ‘ያንተ ዕጣ አልደረሰም፣ ጠብቅ’ ብሎ ጎልማሳውን የሚያስቀምጠው ማን ነው? በዶላርና በደቡብ ሱዳን ፓውንድ መካከል ምንዛሪው በየሳምንቱ ሲዋዥቅ ሳንቲም ሳይጎድል ሂሳብ የሚያስታርቀውስ ማን ነው? እናንተ ታውቋቸዋላችሁ፣ እኔም አውቃቸዋለሁ። ልጆቻችን እሁድ ኳስ ሲጫወቱ ለማሊያው የሚዋጣው ገንዘብ የሚቀመጠው እነሱ ዘንድ ነው። ‘ለቦርድ የሚበቃ ሴት አጣን’ የሚል ሰው ስሰማ ዕቁቡን የት እንደሚጥል ልጠይቀው ይቃጣኛል።

አሁን ወደዚሁ አገር ልመለስ። ደቡብ ሱዳን በ2012 ፊፋ ገባች፣ በ2015 የኦሊምፒክ ቤተሰብ ሆነች። በ2019፣ በኅዳር፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ወጣ፤ ዳሬሰላም ሄዱ፣ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከባለሜዳዋ ታንዛኒያ ጋር ሆነ። ዘጠኝ ለዜሮ ተሸነፉ። እስቲ አስቡት፤ ዘጠኝ ጊዜ ኳሱን ከመረብ አውጥተው፣ ዘጠኝ ጊዜ ተሸክመው መሃል ሜዳ አድርሰው፣ ዘጠኝ ጊዜ ደግመው ጀመሩ። ከዚያ ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ይመለስ ነበር። እነሱ ግን በዚያው ውድድር ዛንዚባርን አገኙና አምስት ለዜሮ አሸነፉ። በ2021 ደግሞ ሺሊን ቡይሰን የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት አሠልጣኝ መጣችላቸው። እንደገና ደቡብ አፍሪካ፣ እንደገና ሴት።

በፓርላማው በ2021 ጀማ ኑኑ ኩምባ አፈ ጉባዔ ሆኑ፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት። ያ 35 ከመቶ የተጻፈው ግን ለመንግሥት ነው፤ የኳስ ክለብን አያስገድድም። ክለብ የግል ቤት ነው፣ ማን እንደሚቀመጥ ባለቤቱ ያውቃል ይባላል። ይህን ሲነግሩኝ የማነሳው ሌላ ቤት ነው፤ በመጋቢት 2025 የኦሊምፒክ ኮሚቴው፣ ያ 87 ዓመት ሴት ያላስገባው፣ ዚምባብዌያዊቷን ዋናተኛ ከርስቲ ኮቨንትሪን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። እሱም የግል ቤት ነው፤ ባለቤቶቹ ሲፈልጉ ከፈቱት።

እነዚያ ዘጠኝ ጊዜ ኳስ ከመረብ ያወጡ ልጆች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ጫማ የሚሰቀልበት ዓመት ይደርሳል፣ ከዚያም አንድ ቀን ከአንዱ የጁባ ክለብ ሰው ይላክባቸዋል። ከመካከላችሁ የሚያውቃቸው፣ ወይም ልጁ ከእነሱ ጋር የተማረችለት ካለ፣ ይህን ይንገርልኝ። ግቡ፣ አትፍሩ፣ ወንበሩ የእናንተ ነው። ግን ከመፈረማችሁ በፊት የባንክ ደብተሩን አምጡ በሉ፤ ስንት እንዳለበት እዩ፣ ተጫዋቹ ደመወዙን ካገኘ ስንት ወር እንደሆነው ጠይቁ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ለምን እንደሄደ ጠይቁ፣ ቼኩ ላይ የሚፈርሙት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑም ጠይቁ። ከሁለቱ አንዷ እናንተ ካልሆናችሁ፣ የጠሯችሁ ለፎቶ ነው።